ክፍል ሁለት

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅነው ፊልም
በሁለት ሰዓት አለቀ።
መብራቱ ቦግ ሲል
ሸምሰዲን አጨበጨበ፣ አልታዬ ግን ሳቀ።

ፒያሳ ላይ ወጣን። ዝናቡ አባርቶ
ዘንባባው ገና ይንጠባጠባል፤
ከሥራ በዚያው የመጣችው ኤርጎጌ
ነጭ ጋዋኗ ላይ ጠብታው ያርፋል።

«ቀሽም ነው!» አለ አልታዬ፣ የባጃጁን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሾረ፣
«ገመዱ የታለ? ያ ሰው በአንድ ገመድ ገደል ይሻገር አልነበረ?
አሁን በሄሊኮፕተር! እንደ ባለሥልጣን!
ሸሚዙን ተኩሰው ነው ጫካ የላኩት መሰለኝ፤
ሁለት ኮንትራት ጥዬ የመጣሁት ለዚህ ነው? ገንዘቤን መልሱልኝ!»

«አንተ ድሮም ያለ ጭቅጭቅ አይጥምህም» አለ ሸምሰዲን።
«የአዞው ቅርፊት እኮ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤
ፏፏቴው ሲወርድ ወንበሬ ይርዳል።
ያኔ በሃያ አንድ ኢንች፣ በረዶ በሚዘንብበት ቴሌቪዥን
አዞ ይሁን ግንድ መች ለይተን አየን?»

ኤርጎጌ የያዘችው ሌላ ነገር ነው።
«እኔን አንጀቴን የበላኝ» አለች፣ «ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ
የጫማውን ክር ሲያስር፤ በቀስታ፣ ጉልበቱን አባብሎ።
በሽተኞቼ እንደዚያ ናቸው፤ ከአልጋ ሊወርዱ ሲሉ አስቀድመው መሬቱን ያዩታል።
ምን ታደርጉታላችሁ፣ ጀግናም ይደክመዋል።»

«አክተር አይሞትም! አክተር አይደክመውም!»
አንድ ሎተሪ አዟሪ ልጅ ቆሞ ሰማን፤
የሚገዛው እንደሌለ ሲያይ ግን ብዙም አልቆየም።

እኔ በልቤ ሌላ ቤት ገብቻለሁ፤
አቶቴ የነበረውን ያንን የቆርቆሮ ቤት አያለሁ።
ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን፣
አግዳሚው ላይ ተጣብቀን፣ የሰው ላብ ተቀብተን፣
ጋሽ ሌዳሞ በሸንበቆ መስታወቱን መታ መታ እያደረገ፣
«አክተሩ ይሄ ነው፤ ባለባርኔጣው ግን እናቱን ለመሸጥ ገበያ የፈለገ!»
ሲለን፣ ያንን ባለባርኔጣ
እስከ ዛሬ ይቅር አላልነውም፣ በየትኛውም ፊልም ቢመጣ።

«ክፍል አንድ ላይ» አልኩ በመጨረሻ፣
«ድልድዩ ሊበጠስ ሲል ልጅቷን ምን ነበር ያላት?»
ሦስቱም ባንድ አፍ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ፦
«ገመዱን አትመኚው፤ ገመድ ያረጃል።
እኔን ያዢኝ። የሰው እጅ ሲፈራ ይጠብቃል።»

«ታዲያ!» አለ አልታዬ። «በዛሬው እንዲህ ያለ ቃል አንድ እንኳ አለ?»
ሸምሰዲን ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፦
«ባለፈው ሳምንት አሮጌውን ከነትርጉሙ አገኘሁት።
እዚያ ቦታ ላይ ሰውየው የሚላት ‹ዝለይ› ነው።
‹ዝለይ›፣ በቃ።
የቀረው የሌዳሞ ነው።»

አንድ መኪና ኩሬውን ረጭቶብን አለፈ፤ ማንም አልተሳደበም።
«ቆይ» አለች ኤርጎጌ። «ዛሬ ከኋላችን የነበሩት ሽማግሌ…»
ለአንድ ሕፃን ልጅ ያንሾካሹኩ ነበር፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ፤
አልታዬ ነው ያፈጠጠባቸው፣ አንገቱን አዙሮ፣ ተቆጥቶ፦
«አባት፣ ዝም ብለው ይዩ! ከፍለን ነው የገባነው!»
ዝም አሉ።
ከዚያ ወዲያ ነው መሰለኝ ፊልሙ የቀዘቀዘው።

ቁልፉ ጣቱ ላይ ቆመ።
«እሳቸው አይደሉም» አለ። «ሌዳሞ ረጅም ነበር።»
«ያኔ እኛ አጭር ነበርን» አልኩት።

ተመለስን። አዳራሹ ጨልሟል፤
ፈንዲሻው በአንድ ጥግ ተጠርጎ ተከምሯል።
«ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አልታዬ ጠየቀ።
ዘበኛው የብረት በሩን እየጎተተ፣ ሳያየን መለሰ፦
«ስምንት ሰዓት። ደግማችሁ ልታዩት? ሰው ሁሉ ሲያማው እየዋለ?»
አልታዬ ዝም አለ፤
ሃምሳ ሳንቲም እንደጠፋበት ልጅ ኪሱን ዳበሰ።